ለማይጠይቅ አንባቢ መጻፍ

የሶፍትዌር መመሪያ የሚያነብ ሰው ግራ ሲገባው ቆም ይላል። አጠገቡ ያለውን ባልደረባ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ሰው ካጣም አንዴ ነካክቶ የሚሆነውን ያያል። ኤአይ ኤጀንት ግን ክፍተት ሲያጋጥመው አብዛኛውን ጊዜ የመሰለውን ሞልቶ ያልፋል፤ የሞላውም ልክ ይመስላል። የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያዎችን ለኤጀንቶች የሚያስረዳ ጽሑፍ ስጽፍ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በግምት የሚሞላው ክፍተት ዞሮ ዞሮ የአንድ ሰው ክፍያ ይሆናል።

የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው፣ ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ አጭር መግለጫና የሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር አለው። ኤጀንቱ መሣሪያውን የሚያውቀው በዋናነት በእነዚህ ነው። ለሰው ብዙ የሚናገረው ስክሪን፣ የአዝራሩ ቀለም፣ የሚሮጠው ታይመር አይታየውም። ስለዚህ መግለጫው ላይ ያልሰፈረ ነገር ለእሱ የለም።

አንድ ሰዓት ተኩልን እንውሰድ። ከሰዓት መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች መካከል ቶግል ርዝመትን በሴኮንድ ስለሚይዝ 5400 ይላል። ሃርቬስት በአስርዮሽ 1.5 ብሎ ይጽፋል። ክሎኪፋይ ደግሞ በአይኤስኦ 8601 ደንብ ፊደልና ቁጥር አዳብሎ ይመልሳል። የግብዓቱ ማብራሪያ «ርዝመት» ብቻ ካለ፣ አስርዮሽ ለሚጠብቅ መሣሪያ 1.30 የሚልክ ኤጀንት አይጠፋም። መሣሪያው ይቀበለዋል፤ ግን የሚመዘገበው አንድ ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። 12 ደቂቃ ያለ አንዳች ኤረር ትጠፋለች። ሲስተሙን ቀጥ የሚያደርግ ስህተት ከዚህ መቶ እጥፍ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው ያየዋል። ቶግል ላይ ደግሞ ገና ያልቆመ ታይመር ርዝመቱ ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ነው የሚመለሰው። የሳምንቱን ድምር የሚሠራ ኤጀንት ይህን ካልነገሩት ከሌሎቹ ጋር ይደምረዋል።

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ፍሪላንሰር ኤጀንቱን «ማክሰኞ ማታ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ሠርቻለሁ፤ መዝግብልኝ» ቢለው፣ ሊል የፈለገው ከማክሰኞ 23:00 እስከ ረቡዕ 02:00 ነው። ኤጀንቱ ግን ከ17:00 እስከ 20:00 አድርጎ ሊያስገባው ይችላል። ድምሩ በሁለቱም መንገድ ሦስት ሰዓት ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ማክሰኞው የወሩ የመጨረሻ ቀን ከሆነ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉት ሁለቱ ሰዓታት መግባት የነበረባቸው በሚቀጥለው ወር ኢንቮይስ ነው። ከዚያም ደንበኛው «በዚያ ሰዓት እኮ ስብሰባ ላይ አብረን ነበርን» ይላል፤ ሠራተኛው ውሸታም ይባላል።

ለዚህ የምጽፈው ረጅም አይደለም። «መነሻውንና መድረሻውን ከነሰዓት ቀጠናው ላክ። ተጠቃሚው በአማርኛ ከተናገረ በኢትዮጵያ ሰዓት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመመዝገብህ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነግረህ አረጋግጥ።» ከደንበኛው ከተማ ጋር ያለውን የሰዓት ልዩነት በቁጥር አስቀምጦ መገላገል ያጓጓል፤ እኔ አልመክርም። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ዋሽንግተን ግን በዓመት ሁለቴ ስለምትቀይር ልዩነቱ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። የቀጠናውን ስም መጻፍ ይበቃል፤ ስሌቱን ሶፍትዌሩ ይሥራው።

ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሲደርስ ለሰው የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ መግለጫው ውስጥ ይከተዋል። መግለጫ ግን የኤጀንቱን የማስታወሻ ቦታ ይሻማል፤ መሣሪያው ሲበዛ ደግሞ ዋናው ቃል ከትርፉ ጋር ይዋጣል። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው መሣሪያው ለምን ዓይነት ሥራ እንደማይሆን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ነው። ታይመር ማስጀመሪያና ያለፈ ሥራ መመዝገቢያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንታ ይመስላሉ። ተጠቃሚው «ለዲዛይኑ ሁለት ሰዓት ያዝልኝ» ሲል የትኛው ይጠራ? ስለዚህ በመጀመሪያው ላይ «ሥራው አሁን ከተጀመረ ብቻ፤ ላለፈ ሥራ አትጠቀምበት» ብዬ እጽፋለሁ። ኔትወርክ ተቋርጦ ኤጀንቱ ጥሪውን ቢደግም መዝገቡ ሁለት ይሆን እንደሆነም ይጻፍ። ፕሮቶኮሉ ለዚህ የራሱ ምልክት አለው፤ ነገር ግን ጥቆማ ነው እንጂ የሚያግድ አይደለም።

የኤረር መልእክትም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ ብዙ ድርጅት ግን ለዴቨሎፐሩ ትቶታል። ኢንቮይስ ስለወጣለት የተቆለፈን መዝገብ ኤጀንቱ ላርም ሲል «አልተፈቀደም» ብቻ ከተባለ አርፎ አይቀመጥም፤ ተጠቃሚውን ለመርዳት ሲል ሌላ ፕሮጀክት ሥር አዲስ መዝገብ ይከፍትና ደንበኛው ለአንድ ሥራ ሁለቴ ይከፍላል። ስለዚህ መልእክቱ እንዲህ እንዲል አደርጋለሁ፦ «ይህ መዝገብ ኢንቮይስ ስለወጣለት ተቆልፏል። በምትኩ አዲስ አትፍጠር። መቆለፉን ለተጠቃሚው ንገረው፤ የሚከፍተው የሒሳብ ክፍሉ ነው።» ይህንኑ በማስተካከያው መሣሪያ መግለጫ ላይም እደግመዋለሁ። አርታኢዎች ድግግሞሽ ነው ብለው ሊያወጡት ሲነሱ የምከራከርላት አንዲት ቦታ ይህች ናት።