የፓሪስ ሠንጠረዥ በአቃቂ፦ ስለ «የአስከሬን እንስሳት» መጽሐፍ አጭር ሒስ

የፈረንሳይ ጦር የእንስሳት ሐኪም የነበረው ዣን ፒየር ሜኛን እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተመው «የአስከሬን እንስሳት» የተሰኘው መጽሐፍ ለፎረንሲክ ኢንቶሞሎጂ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ነው። ጸሐፊው በገላጣ ስፍራ በወደቀ አስከሬን ላይ ነፍሳት በስምንት ተራ እንደሚፈራረቁ፣ ከዚህም በመነሣት ከሞት በኋላ ያለፈውን ጊዜ መገመት እንደሚቻል አስተምሯል። የአስከሬኑ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር ጎብኚዎቹም ይለወጣሉ የሚለው ዋና ሐሳቡ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

የመጽሐፉ ድክመት ተራውን ከተወሰኑ ወራት ጋር ማሰሩ ነው። ዴርሜስቲስ የሚባሉትን ቆዳ በል ጥንዚዛዎች በሦስተኛው ተራ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መድቧቸዋል። ይሁን እንጂ በሞቃት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ዴርሜስቲስ ማኩላተስ የተባለው ዝርያ በቀናት ውስጥ ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። የእጩም ዕድገት በሙቀት ይፋጠናል፤ በቅዝቃዜ ይዘገያል። አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ የፓሪስንም ሆነ የቆላ አገርን ሠንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ ያሳስታል።

ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። አቃቂ ቃሊቲ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተተከሉባቸው የከተማችን ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ ይህ ጥንዚዛ የደረቀ ጥሬ ቆዳ የታወቀ ተባይ ነው። በቆዳ መጋዘን አቅራቢያ በተገኘ አስከሬን ላይ ጥቂት ጎልማሳ ጥንዚዛዎች ቢታዩ፣ ከመጋዘኑ የመጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ብቻቸውን የሞትን ጊዜ አይመሰክሩም። በአስከሬኑ ላይ በተለያየ የዕድገት ደረጃ የሚገኙ እጮችና የጣሏቸው ቅርፊቶች የበለጠ ክብደት አላቸው።

ግምቱ ቢሳሳት ንጹሕ ሰው ሊታሰር፣ ጥፋተኛም ሊያመልጥ ይችላል። ስለሆነም በስፍራው ቀድሞ የሚደርስ የጤና ባለሙያ ከፖሊስ ጋር በመተባበር፣ አስከሬኑ ከመነሣቱና ከመታጠቡ በፊት ከነፍሳቱ ከፊሉን ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል፣ ከፊሉንም በሕይወት እንዲያዙ ቢያደርግ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሙቀትና በአቅራቢያ ያለውን የቆዳ ክምችት ቢመዘግብ ይበጃል። ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የሚላክ አስከሬን ለረጅም ዓመታት ሲመረመር የኖረው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ከአቃቂ ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ለሚደርስ አስከሬን ይህ ማስታወሻ አብሮ ካልሄደ፣ መርማሪው በስፍራው የነበረውን ሁኔታ በኋላ መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

የሜኛን መጽሐፍ ሊነበብ ይገባዋል። ወራቱን ግን በራሳችን ደጋ፣ በክረምትም በበጋም፣ በእንስሳት በድን ላይ በሚደረግ ምልከታ እንደገና መቁጠር የእኛ ድርሻ ነው።