ሠዓሊና ሊቅ በአንድ መጽሐፍ

አሜሪካዊው የአእዋፍ ሠዓሊ ፉዌርቴስ ከእንስሳት ሊቁ ከኦስጉድ ጋራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 እና በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ነበር። በተመለሰበት ዓመት መኪናው ከባቡር ጋራ ተጋጭታ ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ከጥፋት ዳኑ። በ1936 የታተመው መጽሐፍም የሁለቱን ስም ይዞ ወጣ።

ፉዌርቴስ በሥዕሎቹ ያሳያል። የወፍ ዓይንና ምንቃር ቀለም ከሞተ በኋላ ቶሎ ይደበዝዛልና፥ ሠዓሊው ፈጥኖ ማስቀረቱ ለውበት ብቻ ሳይሆን ለማስረጃም ነው። የመጽሐፉ ምስጋና ይህ ነው።

ነገር ግን በመርካቶ ሰማይ የሚያንዣብበውን ጭልፊት ያስተዋለ ሰው፥ ጅራቱን እያጣመመ አቅጣጫ ሲለውጥ፥ ከሥጋ ቤት ደጅ ቁራጭ ነጥቆ ሲነሣ ያውቀዋል። ከዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ሥዕል የሚይዘው አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ማሬ በ1882 በሴኮንድ 12 ምስል በሚያነሣ መሣሪያ የወፍን በረራ ከፋፍሎ አሳይቷል። መሣሪያው ቅጽበቶችን ይቈጥራል፤ ከእነርሱ መካከል የወፊቱን ጠባይ የምትገልጸውን መምረጥ ግን የሠዓሊ ፋንታ ነው።

ስለዚህ የመርካቶ ወጣት ሠዓሊ የሌላውን ሥዕል ከመገልበጥ ይልቅ ቀና ብሎ ጭልፊቱን ቢመለከት፥ ያላወቀውንም የአእዋፍን ሊቅ ቢጠይቅ፥ እጁ ከዓይኑ፥ ዓይኑም ከእውነት ጋራ ይስማማለታል።