«የቁርጥ ቀን ልጅ» ማን ነው?

በደህና ቀን ጎበዝ የማይሆን የለም። ስለዚህም ይመስላል አማርኛችን ከፍተኛውን ምስጋና ለሌላ ቀን ያስቀመጠው፤ «የቁርጥ ቀን ልጅ» ይላል። ቃሉ ከጦር ሜዳ የመጣ ይመስላል፤ ዛሬ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው በሩጫ ጉዳይ ነው። ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲ.ኤም.ሲ. ባሉት ካፌዎች የኦሊምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ሰሞን ማኪያቶው ሳይቀርብ የሚጀመር ክርክር አለ። ከውድድሩ በፊት «ማን ይመረጥ?» ይባላል፤ ከውድድሩ በኋላ ደግሞ «ማን ወኔ አለው?»። በዚህ የከተማው ክፍል ሯጭ የሩቅ ሰው አይደለም። በ22 አልፎ መገናኛ የሚደርሰው ጎዳና የኃይሌ ገብረሥላሴን ስም ይዟል፤ በቦሌ መንገድ ያለው ሕንፃው በባለቤቱ ስም «ዓለም» ይባላል። ስለዚህ ክርክሩ የጎረቤት ክርክር ነው፤ የጎረቤት ክርክር ደግሞ ይጦፋል።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን «ሰዓት አይዋሽም፤ ፈጣን ሰዓት ያለው ይሂድ» ይላል። ሁለተኛው «ሰዓትማ በሰላም ቀን ይመጣል፤ እኛ የምንፈልገው የቁርጥ ቀን ልጅ ነው» ሲል ይመልሳል። ለመሆኑ ይህ የቁርጥ ቀን ልጅ የሚባለው ፍጡር በእርግጥ አለ? ወይስ ውድድሩ ካለቀ በኋላ እኛው የምንፈጥረው ነው?

የሁለተኛው ወገን ትልቁ ማስረጃ ሲድኒ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ10,000 ሜትር የመጨረሻ ዙር ቀድሞ ተስፈነጠረ። ኃይሌ ተከተለው፤ መስመሩ ላይም ደረሰበት። 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ለኃይሌ፣ 27 ደቂቃ ከ18.29 ለቴርጋት። ልዩነቱ የአንድ ሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ እጅ ነው። ያንን ያየ ሰው «ልብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ቁጥሮቹን ትንሽ እናገላብጣቸው። ኃይሌ በ1990 ዓ.ም. ሄንገሎ ላይ ይህንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሮጦ ነበር። የሲድኒው ሩጫ ከዚያ በ55 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ማለትም እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ የሚቆራርጥ ፍጥነት አልነበረም፤ ውድድሩ ወደ አንድ ዙር እሽቅድምድም ተለወጠ። በአንድ ዙር እሽቅድምድም ደግሞ ኃይሌ የተለየ መሣሪያ ነበረው። በ1991 ዓ.ም. ማኤባሺ፣ ጃፓን በተደረገው የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1,500ንም 3,000ንም ሜትር ያሸነፈ ሰው ነው። እንግዲህ ሲድኒ ላይ ያየነው ልብ ብቻ አይደለም፤ የ1,500 ሜትር እግር ነው። ይህ የሚለካ፣ የሚሠለጠን፣ ከውድድሩ በፊት የሚታወቅ ነገር ነው። በዚያው በ1993 ዓ.ም. ነሐሴ ኤድመንተን ላይ ያው ኃይሌ፣ ያው ልብ፣ ከእግር ቀዶ ሕክምና በኋላ ተሰልፎ ሦስተኛ ወጣ። ወኔው በአሥራ አንድ ወር ውስጥ የት ሄደ እንበል? የትም አልሄደም፤ የታመመው እግሩ ነበር።

ወደ ኋላ ሄደን ሻምበል ምሩፅ ይፍጠርን እንይ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ስም የቁርጥ ቀን ልጅነት ማኅተም ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ያሸነፈ እርሱ ነው። ነገር ግን ይኸው ምሩፅ በ1963 ዓ.ም. ዳርሃም፣ አሜሪካ በ5,000 ሜትር ውድድር ዙር ተሳስቶ፣ አንድ ዙር ሲቀረው የመጨረሻው መስሎት ተፈትልኮ ከወጣ በኋላ ቆመ። በማግስቱ 10,000ውን አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10,000 የነሐስ ሜዳሊያ ካገኘ በኋላ ለ5,000 ሜትር ማጣሪያ ሳይደርስ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል የአፍሪካ አገሮች ባለመሳተፋቸው ታለፈ። ሞስኮ ባትኖር ኖሮ ይህ ታላቅ ሰው በካፌ ክርክር ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? «ቁርጥ ቀን ሲመጣ የሚጠፋ» መባሉ አይቀርም። ሰውዬው ግን ያው አንድ ሰው ነው። የተለወጠው እኛ ያየንለት ቀን ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታቸው ክረምት ከበጋ የሚጨቃጨቁበት ነገር አላቸው። በወሳኝ ሰዓት ኳሷን በዱላ የሚመታ፣ በሌላው ሰዓት ግን እንደማንኛውም የሆነ ተጫዋች አለ ወይስ የለም? ሪቻርድ ክሬመር የተባለ መርማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 የሁለት ተከታታይ ዓመታት መዝገብ አስተያይቶ ነበር። በአንዱ ዓመት በወሳኝ ሰዓት የበረቱት በሚቀጥለው ዓመት ያንን ብርታት አልደገሙትም፤ ክሬመርም ችሎታው የለም አለ። ቢል ጄምስ የተባለው ሌላው የዘርፉ ስመ ጥር ጸሐፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 «አላየነውም ማለት የለም ማለት አይደለም» የሚል ሙግት አነሣ። ልብ በሉ፤ በቤዝቦል አንድ ተጫዋች በአንድ ዓመት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ዱላውን ይዞ ይቆማል። ይህን ያህል መዝገብ ይዘው ያልተስማሙበትን ጉዳይ እኛ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በሚመጣ ሩጫ በአንድ ማኪያቶ እንቋጨዋለን።

ይህ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ግን ሰው ይጎዳበታል። ትዕግሥት አሰፋን እንውሰድ። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በሲፈን ሀሰን በ3 ሰከንድ ተቀደመች። መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በ2 ሰከንድ ተቀደመች። ከዚያ ወዲህ «መጨረሻ ላይ ልቧ ይከዳታል» የሚል ፍርድ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱ ሩጫዎች ሲደመሩ ከ4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ በላይ ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ የተቀደመችው በ5 ሰከንድ ነው። ይህች ሴት በመስከረም 2016 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ የቆረሰች፣ በሚያዝያ 2017 ለንደን ላይ ያሸነፈች ናት። በዚህ መዝገብ ላይ «ልብ የላትም» ብሎ መፍረድ ትንታኔ አይደለም፤ ስድብ ነው። ቀዳሚዎቿም ተራ ሰዎች አልነበሩም። ሲፈን በኦሊምፒክ የ1,500 ሜትር ሜዳሊያ ያላት ናት፤ ጄፕቺርቺር የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ ናት።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ቡድን የተመረጠው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሰበታ ላይ በተደረገ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በማጣሪያው አልሮጥም ብሎ ቀረ። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ተመረጡ፤ በውድድሩ ቀን ሦስቱም አቋረጡ። ለፓሪስ ደግሞ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ ተያዙ፤ ሲሳይ ቫሌንሲያ ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ የሮጠ ሰው ነው። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። ሲሳይ ተጎዳ፤ ታምራት ገባ፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አመጣ።

«ይኸው! የቁርጥ ቀን ልጅ!» ተባለ። ታምራት ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ በጥቅምት 2016 ዳገት የሚበዛበትን የኒው ዮርክ ማራቶን በቦታው ክብረ ወሰን አሸንፏል፤ የፓሪስም ጎዳና ዳገት ነበር። ስለዚህ ለእርሱ የሚከራከር ሰው በቂ ምክንያት ነበረው። ግን ይህም ያው ታምራት በነሐሴ 2015 ቡዳፔስት ላይ ሻምፒዮንነቱን ለመከላከል ተሰልፎ ያቋረጠው ነው። ቡዳፔስትን ረስተን ፓሪስን ብቻ ብንቆጥር የቁርጥ ቀን ልጅ እናገኛለን፤ ፓሪስ ባትመጣ ኖሮ ቡዳፔስትን ብቻ ቆጥረን ሌላ ስም እናወጣለት ነበር።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አጨራረስ አለ፤ ዳገት የሚችል እግር አለ፤ ሙቀት የሚችል ሰውነት አለ። እነዚህ ከውድድሩ በፊት ሊታዩ፣ ከመንገዱና ከአየሩ ጋር ሊመዘኑ ይችላሉ፤ መራጭም ተመልካችም ስለ እነርሱ ይከራከር። «ወኔ» ግን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ብቻ የሚገለጥ ስለሆነ ለመራጭ ምንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው የተሸነፈውን ለማዋረድ ነው። ከዚህም የባሰ ጉዳት አለው። ክርክሩ ሁሉ ስለ ልብ ሲሆን መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ መመዘኛው ምን ነበር? ሯጮቹ ያንን መመዘኛ ከስንት ወር በፊት ያውቁት ነበር? ተጠባባቂው ለሩጫ ነው ወይስ ለስም የተያዘው? ፓሪስ ላይ ያዳነን የዚህ የመጨረሻው መልስ ነው። ታምራት ተጠባባቂ ሳለ እንደ ተሰላፊ ሲዘጋጅ ቆይቶ ነበር።

የቁርጥ ቀን ከመድረሱ በፊት ያሉት ብዙ ተራ ቀናት ናቸው። በእነዚያ ቀናት እንጦጦና ሰንዳፋ ላይ ማን ምን እንደሚሠራ የሚከታተል፣ የማጣሪያውን ደንብ የሚጠይቅ ደጋፊ ቢበዛ ካፌዎቻችን ጭቅጭቅ አያጡም። የሚያጡት ስድቡን ብቻ ነው።