ወጋየሁ ንጋቱ፦ ከመድረክ የተረፈው ድምፅ

ደራሲ መጽሐፉን፣ ሠዓሊ ሸራውን ትቶ ያልፋል። የመድረክ ተዋናይ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ጥበቡም አብሮ ይከደናል፤ የሚቀረው ባዩት ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊውን ዤራር ፊሊፕን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በ36 ዓመቱ የተቀጨውን፣ ከዚህ ዕጣ ያዳኑት ፊልሞቹና በ1954 በሸክላ የተቀረጸው የ«ትንሹ ልዑል» ንባቡ ናቸው። በ1982 ዓ.ም. ያረፈውን የብሔራዊ ቴአትሩን ወጋየሁ ንጋቱን ለትውልድ ያሻገረው ግን ከሁሉ ይልቅ ድምፁ ነው።

ወጋየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኳል። ብሔራዊ ቴአትርን በዓይኑ ለማየት የሞያሌ ሰው 770 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይኖርበታል። ድምፅ ግን ኬላ አያቆመውም፤ ቅጂው ዛሬም በእጅ ስልክ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ይደመጣል። ከቴአትር ቤት ለራቀ አድማጭ የወጋየሁ መድረክ ይኸው ትረካ ነው።

ትረካውም መድረክ የመባል መብት አለው። ወጋየሁ ገጹን አንብቦ አያልፍም፤ ይጫወተዋል። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የበዛብህ ትሕትና፣ የጉዱ ካሳ ምሬት የየራሳቸው አነጋገርና እርምጃ አላቸው። ብልኃቱ ድምፅ መለዋወጡ ብቻ አይደለም፤ ከገጸ ባሕርያቱ ንግግር ወደ ደራሲው ትረካ ሲመለስ የሚያሳየው እርጋታ ጭምር ነው። አድማጭ በፊታውራሪው ጉራ እየሳቀ ከጉራው በስተ ጀርባ ያለውን ግፍ እንዳይዘነጋ የሚያደርገው ይህ ሚዛን ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ብርታት ዋጋ አለው። ትረካውን የሰማ ብዙ ሰው መጽሐፉን ያነበበ ይመስለዋል፤ ጉዱ ካሳንም ከወጋየሁ ድምፅ ለይቶ ማሰብ ይቸግረዋል። ትረካ ግን ትርጓሜ ነው። ተዋናዩ ቃሉን የት እንደሚያጠብቅ፣ የት ዝም እንደሚል ሲመርጥ ሌሎች አማራጮችን ይተዋል። በጉዱ ካሳ ንግግር አንዱ አንባቢ ቁጣ፣ ሌላው ብቸኝነት ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ወጋየሁን «መጽሐፉን በሬዲዮ ያነበበው ሰው» ብሎ ማመስገን አያንስም፣ አይበቃምም። እንደ ተዋናይ ሊመዘን ይገባዋል። ለዚህም ከትረካው በኋላ መጽሐፉን መግለጥ ያስፈልጋል፤ ሐዲስ የጻፉትንና ወጋየሁ የጨመረውን ለይቶ የሚያሳየው ይኸው ነውና።