ነጩን ጋቢ ለወረቀቱ መተው

ብሩሽና ጥቁር ቀለም ብቻ ይዞ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ ሰው ለመሳል የሚወጣ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ነጭ ልብስ ነው። ጋቢው ነጭ፣ ኩታው ነጭ፣ ነጠላውም ነጭ። የዘይት ቀለም ያለው ሰው ነጩን ከቱቦ ጨምቆ ይቀባል። የእኛ ነጭ ግን ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ጋቢ አይቀባም፤ ይተዋል። ይህን ያስተማረኝ የቻይናውያን የጥቁር ቀለም ሥዕል ነው።

ጥላሸትማ ለእኛም አዲስ አይደለም። የቻይናው ቀለም ጥላሸት በሙጫ ተለውሶ የደረቀ ነው፤ ሠዓሊው ድንጋይ ላይ ከውሃ ጋር እየፈተገ ያሟሟዋል። የእኛ ቁም ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለማቸውን ሲያዘጋጁ ከጥላሸት ይነሣሉ። የሚለየው የሚያርፍበት ነው። ብራና ቀለም አይመጥም፤ ጸሐፊው ቢስት በስለት ፍቆ ያርማል። ሹዋን የተባለው የቻይና ወረቀት ግን ገና ሲነካ ይጠጣል። እጅ ካመነታ ቀለሙ ይሰራጫል፤ የወጣ መስመርም አይመለስም።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደገ ዓይን ይህ ጥበብ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ገዥው መስመር ነው። ባዕድ የሚሆንብን ባዶው ነው። የመቅደሳችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቅዱሳን ይሞላል፤ ሊያንግ ካይ ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔውን ሊ ባይን ሲስል ሰፊ ቀሚሱን በጥቂት መስመር ጨርሶ ዙሪያውን እንዳለ ተወው። በዘመናችን ደግሞ ፓሪስ የተማረው ሹ ቤይሆንግ (1895–1953 እ.ኤ.አ.) የአውሮፓን የንድፍ ትምህርት ከብሩሹ ጋር አጋባ፤ አጥንትና ጡንቻ በቀለሙ ሥር መታየት ጀመሩ።

ይሁን እንጂ እነሱን እንዳለ መቅዳት እዚህ አያዋጣም። የቻይና ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ የሚስለውን ሰው ፊት ለወረቀቱ ትቶ ጠጕሩን ያጠቁራል። በእኛ አገር ነገሩ ይገለበጣል፤ ልብሱ ነጭ፣ ፊቱ ጠይም ነው። ከቢቸና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚሄድ መንገደኛ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጆቹን ጣል አድርጎበት ሲመጣ፣ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ፊቱ፣ እጆቹ፣ ዱላውና እግሩ ብቻ ነው። ፊቱን ቀጠን ባለ ቀለም እነካለሁ፤ ግንባሩ ላይ ብርሃን ያረፈበትን እዘላለሁ። እርጥበቱ ሳይደርቅ ከጉንጩ አጥንት በታች ወፈር ያለውን አሳርፋለሁ፤ እዚያ ራሱ ይሰራጭና ሥጋ ይሆናል። ዱላው በደረቅ ብሩሽ በአንድ ትንፋሽ ይሰመራል። ለጋቢው ከትከሻው የሚወርድበትና ጉልበቱ የሚገፋው ቦታ ብቻ መስመር ይበቃዋል። ሰውየውን መሐል ላይ አላቆመውም፤ ወደሚሄድበት በኩል ሰፊ ባዶ እተውለታለሁ፣ መንገዱ እሱ ነውና።

ገበያ ሲሆን ይከብዳል። በሞጣ ገበያ ነጭ ከነጭ ይደራረባል፤ ሁሉንም በመስመር ልክበብ ያለ ሥዕሉን ያደርቀዋል። ለዚህ የምመለከተው ጂያንግ ዣውሄ በ1943 እ.ኤ.አ. ጃፓን በያዘችው ቤይጂንግ የሠራውን «ስደተኞች» ነው። ከመቶ በላይ ሰዎች ያሉበት ረጅም ሥዕል ነው፤ ዛሬ የተረፈው ግማሹ ነው።  አንዱ ሰው በሌላው ላይ ይደገፋል፣ ከዚያ ክፍተት ይመጣል፣ ደግሞ ሌላ ጭፍራ ይከተላል። ዓይን የሚያርፈው በክፍተቱ ላይ ነው። እኔም አንዱን ኩታ ከጎረቤቱ ኩታ ጋር እንዲቀላቀል እተዋለሁ፤ የሚለያቸው የጭንቅላቱ፣ የዱላውና የአህያው ጥቁረት ነው። አህያን በጥቂት እርጥብ ንክኪ ማቆም የፈለገ የሁዋንግ ዦውን (1925–1997 እ.ኤ.አ.) ሥራዎች ይመልከት፤ የሺንጂያንግን ሰዎችና አህዮች ከእሱ በተሻለ የሣለ አላውቅም።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ የዘይት ቀለም ሠዓሊዎችን አፍርቶልናል። በጥላሸት ብቻ ሰውን የሚስሉ ግን ጥቂት ናቸው፤ ለነጭ ለባሽ አገር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የምሥራቅ ጎጃም ወጣት ሠዓሊዎች ሆይ፣ የቻይናው ወረቀት እስኪመጣ አትጠብቁ። በአካባቢያችሁ ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊዎች ዛሬም አሉ፤ ሄዳችሁ የቀለሙን አሠራር ተማሩ፣ ከዚያም የምታውቁትን ሰው በጋቢው ሣሉ።