ደጃፍን መድረክ ያደረገ ፊልም

«ላሊበላ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ላስታ፣ ወደ ሮሃ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ነው። ካሜራም እንደዚያው። ገና በደረሰ ቁጥር ቤተ ማርያም ዙሪያ ይከማችና ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ይቀርጻል። ያምራል፤ አንቃወምም። ነገር ግን ያንኑ ስም ተሸክመው፣ ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ወደ ደጅ የሚያዜሙ ባለሙያዎች አሉ፤ በአንዳንድ ቦታ ሐሚና ይሏቸዋል። ጃፓናዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ላሊበሎች» የተባለ ፊልም ስለ እነዚህ ነው። የተቀረጸው ጎንደር ከተማ ሲሆን፣ ባለታሪኮቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው።

«ታዲያ ይሄ ኮንሰርት ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ነው። መሣሪያ የለ፣ መድረክ የለ፣ መብራት የለ፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ልዩነቱ፣ በአዳራሽ ዝግጅት አድማጭ ትኬት ቆርጦ ወደ ዘፋኙ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ዘፋኙ ወደ ተኛው አድማጭ ይመጣል። ስለዚህ ዜማው ብቻውን ሙሉ አይደለም። በሩ መከፈት አለበት፤ ገንዘብ፣ እህል ወይም ልብስ መሰጠት አለበት፤ ከዚያ ምርቃቱ ይወርዳል። ካሜራውን በዘፋኙ ፊት ላይ ብቻ ተክሎ መቅረት ግማሹን ሥራ ቆርጦ መጣል ነው። ካዋሴ በሰጪና በተቀባይ መካከል ያለውን ነገር አብሮ ይዞልናል። የፊልሙ ትልቁ ብርታት ይህ ነው።

ስለ ላሊበሎች የሚወራውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማዜም ካቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነው፤ እዚህ ላይ መከራከር አያስፈልግም። ክፋቱ፣ ይህ ወሬ ሙያቸውን ሸፍኖብናል። እስቲ እናስብ፤ ነገሩ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ጩኸት በበቃ ነበር። እነሱ ግን አስቀድመው ከጎረቤት የባለቤቱን ስም ይጠይቃሉ፤ ስሙን ከግጥሙ ጋር ያዋድዱታል፤ ባል ያወጣል፣ ሚስት ትቀበላለች። ይሄ እኮ ልመና ብቻ አይደለም፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ግጥም መፍጠር ነው።

ጥያቄም አለን። ካሜራ ቆሞ እያየ ባለቤቱ እጁን የዘረጋው ለዜማው ነው ወይስ ለካሜራው? ይህን ለይቶ የሚነግረን ምስል አይገኝም። የማንኛውም ዘጋቢ ፊልም ዕዳ ነውና በካዋሴ ብቻ አንጭነውም፤ ተመልካች ግን ልብ ሊለው ይገባል።

ከዚህ በላይ የሚቆረቁረን የራሳችን ነገር ነው። ዛሬ መቅረጫ በየኪሳችን አለ። ከላስታ ደጋም ሆነ ከሌላው ወሎ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አያቅተንም። ፈቃድ ጠይቀን፣ ዜማውንም በሩንም አብረን እንቅረጽ። አንድ ነገር ብቻ አንርሳ፤ ቀራጭም ደጃፍ ላይ የተገኘ አድማጭ ነውና ሳይሰጥ እንዳይሄድ።