የሁለት መጻሕፍት ጠበቃ

አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ቱርማን አርኖልድ «የካፒታሊዝም ተረት» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1937 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ሲያሳትሙ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ። መጽሐፉ ከሚያፌዝባቸው ነገሮች አንዱ በ1890 የወጣው የሸርማን ሕግ ነው። ሕጉ ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን እንዳያድሙ፣ ገበያውንም ለብቻቸው እንዳይዙ ይከለክላል። ደራሲው እንደሚሉት ግን ሕጉ እንደ ጸሎት ሲደገም የሕዝቡ ቁጣ በውግዘት ይበርዳል፤ የተወገዙትም ኩባንያዎች በሰላም ይሰፋሉ። በሞኖፖል ጠላትነታቸው የታወቁትን ሴናተር ቦራን እንኳ ከዚህ ፌዝ አላዳኗቸውም።

በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እኒህኑ ሰው የዚያው ሕግ አስከባሪ አድርገው በፍርድ ሚኒስቴር ሾሟቸው። ሹመቱ ሲመረመር ከጠያቂዎቹ አንዱ ሴናተር ቦራ ነበሩ! ሆኖም ሹመቱ ጸደቀ።

አንባቢ ሰውዬው ሐሳባቸውን ለወጡ ብሎ ይፈርድ ይሆናል። እኛ አንስማማም። በ1940 ያወጡት «የንግድ ማነቆዎች» የፊተኛውን ፌዝ አያፈርስም፤ ሕጉ ስብከት ብቻ ሆኖ የቀረው የሚያስፈጽሙት ሰዎች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ መሆኑን ያስረዳል እንጂ። ትልቅነት በራሱ ወንጀል አይደለም ይላሉ፤ የሚጠየቀው ኩባንያው ዕቃውን ለገዢው ያረክሳል ወይስ እንደ ኬላ ጠባቂ መተላለፊያውን ዘግቶ ቀረጥ ያስከፍላል የሚለው ነው። ስለ ወተት፣ ስለ ቤት ሥራና ስለ ሕክምና ክስ የመሠረቱት በዚህ መለኪያ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀን የሐኪሞቹ ክስ ነው። በዋሽንግተን የመንግሥት ሠራተኞች ገንዘብ እያዋጡ የሚታከሙበት ማኅበር አቋቁመው ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በዚያ የሚሠሩትን ሐኪሞች ከሆስፒታሎች እንዲታገዱ አድርጓል ተብሎ በ1938 ተከሰሰ። የተከበረ ሞያ እንደ ነጋዴ አይከሰስም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ጥፋተኛነቱን አጸና። ድኻ በሽተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ጠበቃ ይሻል?

በአናጢዎች ማኅበር መሪዎች ላይ የቀረበው ክስ ግን በ1941 ወደቀ። ፍርድ ቤቱ የሠራተኛ ማኅበር ከነጋዴ ጋራ ሳይመሳጠር ለራሱ ጥቅም የሚያደርገው አድማ በዚህ ሕግ አያስቀጣም አለ። ፍርድ ቤቱ ከደራሲው የበለጠ አስተዋለ እንላለን፤ ጉልበቱን የሚሸጥ አናጢና ወተት የሚሸጥ ኩባንያ በአንድ ሚዛን አይቀመጡምና።

በ1942 ለጦርነቱ የሚያስፈልገውን ምርት ያሰናክላሉ የተባሉ ክሶች እንዲቆዩ ተወሰነ። ሚስተር አርኖልድ በ1943 ወደ ዳኝነት ተዛወሩ፤ በ1945 ወንበሩን ለቀው የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። ታላላቅ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው ሆኑ፤ ይህንም ነቃፊ አላጣውም። ነገር ግን በማካርቲ ዘመን ታማኝነታቸው ለተጠረጠረ ሰዎች ያለ ክፍያ የተሟገተው ይኸው ቢሮ ነው።

ስለ አጻጻፋቸው የተናገርን እንደ ሆነ፣ በፊተኛው መጽሐፍ ቀልዱ ከመብዛቱ የተነሣ ደራሲው ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ ይጠፋል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ ክሱን በክስ ላይ ይደራርባል፤ ሆኖም የሚሉትን በማስረጃ ይሉታል። ከሁለቱ አንዱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢገኝ በሁለተኛው እንዲጀምር እንመክራለን፤ የፊተኛው ቀልድ የዚያን ዘመን አሜሪካ ለማያውቅ ሰው ማብራሪያ ካልታከለበት አያስቅም።